የዱቤ ደብተር

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጋሊሌዮ ጀግናዬ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምር የእሱ ስም ሲነሣ ድምፄ እንደሚለወጥ ተማሪዎቼ ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹም ዘወር ስል ያስመስሉኝ ነበር። ያዘነበለ ጣውላ ላይ ድብልብል እያንከባለለ ጊዜውን በሚንቆረቆር ውኃ የለካ ሰው። ቴሌስኮፑን ወደ ጁፒተር አዙሮ አራት ጨረቃዎች ያገኘ ሰው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ በሠፈራችን ቁምስና አዳራሽ ለወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ ሳስተምር፣ ያንኑ ሰው አላውቀውም። ጴጥሮስ እንኳ የካደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ነበር።

ጉዴ የወጣው በ2004 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ያን ጊዜ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ፊቴ ተቀምጠዋል። የዕለቱ ርእስ የቤተ ክርስቲያን የማስተማር ሥልጣን ነው፤ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አይሳሳቱም ብዬ ጠመኔውን ገና ሳላስቀምጥ አንድ እጅ ተነሣ። የታላቅ እህቴ ልጅ ነው። ለመሰናዶ ትምህርት ከእምድብር በኩል መጥቶ፣ እኔ ዘንድ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ የሚያድር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። ፊዚክስ የሚማረውም ከእኔው ነበር። ቤት ውስጥ አንተ ይለኛል፤ በሰው ፊት ግን አንቱ ነኝ።

"ጋሼ፣" አለ፣ "የማይሳሳቱ ከሆነ ጋሊሌዮ ላይ ለምን ተፈረደበት? ማክሰኞ ዕለት እርስዎ ራስዎ ትክክል ነበር ብለውናል።"

ከወዲያና ከወዲህ ሳቅ ሳቅ አለ። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" አልኩት። አላበቃሁም። "ቅዱስ አውግስጢኖስ ሮማ ተናግራለች፣ ነገሩ አልቋል ብሏል። አንተ ከእሱ ትበልጣለህ? ቁጭ በል!"

ቁጭ አለ። ትምህርቱ ሲያበቃ በሩ ድረስ ተከትዬው ሄድኩና ይቅርታ እስክትጠይቅ እዚህ አዳራሽ እንዳላይህ አልኩት። ለፋሲካ ከምናዘጋጀው የጥያቄና መልስ ውድድርም ስሙን ሰረዝኩ። ጥያቄ ስለጠየቀ ከጥያቄና መልስ ማባረሬ ያን ዕለት አላሳቀኝም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማታ እራት ላይ "ጠገብኩ" ይላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ ደብተሩን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። እሑድ እሑድ ግን ሳየው ነበር። መጀመሪያ የኋለኛው ወንበር ላይ፣ ቀጥሎ በሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር፣ በመጨረሻ ቤት። ሌላም ነገር ተለወጠ። ቤት ውስጥም አንቱ ይለኝ ጀመር። ሰው አክብሮት ጨመረልህ ቢለኝ እቀበለው ነበር፤ እኔ ግን ከዚያች ቃል ላይ ስንት ክንድ እንደራቀኝ መለካት እችል ነበር።

ለፋሲካ ስናዘዝ ቁጣዬን ተናገርኩ። ካህኑም እንደ ደንቡ መክረውኝ ፈቱኝ። ያልተናገርኩት ዋናውን ነው፤ በልጁ ላይ ያስጮኸኝን ጥያቄ መልስ አላውቀውም ነበር። አለማወቅ ኃጢአት አይደለም። አለማወቅን በቤተ ክርስቲያን ካባ ሸፍኖ በሰው ላይ መጮህ ግን ስሙ ምን እንደሆነ የትኛውም የኅሊና መመርመሪያ ዝርዝር ላይ አላገኘሁትም።

እንዲያውም በዚያ ሰሞን ራሴን የሃይማኖቴ ጠበቃ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ትምህርት ቤት፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ካቶሊክ እኔ ብቻ ነኝ። ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ሃይማኖት የሚባል ነገር ካቆመ ሰንብቷል፤ ሒሳብ የሚያስተምረው ጴንጤ ነው፤ የቀሩት ኦርቶዶክስና ሙስሊም ናቸው። ሻይ ሲቀርብ ክርክር ይቀርባል። እኔም በኪሴ የማትጠፋ አንዲት ጠጠር ነበረችኝ፤ ዦርዥ ለሜትር። ዓለም ከአንድ እጅግ የታመቀ መነሻ ተነሥታ እየሰፋች መጣች የሚለውን ሐሳብ፣ ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለውን፣ መጀመሪያ ያቀረበው ቤልጄማዊ የካቶሊክ ካህን ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ካህን ሆነ፤ በ1927 ዓለም እየሰፋች መሆኗን በስሌት አሳየ። በዚያው ዓመት ብራስልስ ላይ አንስታይን ሲያገኘው ስሌትህ ልክ ነው፣ ፊዚክስህ ግን ያስጠላል ብሎት እንደነበር ለሜትር ራሱ ይተርከው ነበር። በ1931 ደግሞ መነሻውን ጥንታዊ አቶም ብሎ ጻፈ። ይህን ሁሉ እተርክና መጨረሻ ላይ ጠጠሯን እወረውራለሁ፤ "ስለዚህ 'ብርሃን ይሁን' የሚለውን ሳይንስ አረጋገጠው፤ ያረጋገጠውም የእኛው ቄስ ነው።" የኬሚስትሪው ሰውዬ ዝም ይላል። እኔም ያሸነፍኩ ይመስለኛል።

በ2007 ዓ.ም. አንድ ጡረታ የወጡ አባ ጋ እመላለስ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ ክፍላቸው ከአልጋው ሥር ሳይቀር በመጽሐፍ የተሞላ፣ ቡና በፔርሙዝ አስቀምጠው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ያቺን የለሜትርን ነገር ነገርኳቸው፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው።

"ይኸው አባ፣ ሳይንሱ ራሱ መሰከረልን" አልኩ።

"ሰውየው ራሱ ስለዚህ ምን እንዳለ አንብበሃል?" አሉኝ።

አላነበብኩም። እሳቸው አንብበዋል። በኅዳር 1951 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ንግግር ሲያደርጉ፣ እኔ በሻይ ሰዓት የማደርገውን ነገር በላቀ ደረጃ አደረጉት፤ አዲሱ የሥነ ፈለክ ግኝት ለፍጥረት ምስክር ነው አሉ። በዚህ ደስ ያላላቸው ሰዎች ውስጥ ግንባር ቀደሙ ራሱ ለሜትር ነበር። የእሱ አቶም የፊዚክስ መላምት ነው፤ ነገ አዲስ ልኬት መጥቶ ሊያፈርሰው ይችላል። እግዚአብሔርን መላምት ላይ ማስደገፍ ደግሞ ለሁለቱም አይበጅም። ለሜትር ሮም ሄዶ የጳጳሱን አማካሪዎች አነጋገረ። በ1952 የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሮም ላይ ሲሰበሰቡ ጳጳሱ እንደገና ንግግር አደረጉ፤ ያንን ነገር ግን አልደገሙትም። ከዚያ በኋላ ለሜትርን የገፋው የለም። በ1960 የዚያው አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1966 ድረስም በዚያው ቆየ።

አባ ይህን ሲነግሩኝ እኔ የማስበው ስለ ጳጳሱ ነበር። ለካስ መስማት ይቻላል! አንድ ካህን "ይህን ባይሉ ጥሩ ነው" ይላል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራስ የሆኑት ሰው ደግሞ ይተዉታል። መንበሩ አልተነቃነቀም፤ አጥሩም አልፈረሰም። እኔስ? የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጁን ስላወጣ ቤቱ የፈረሰ መስሎኝ ነበር።

ሳላስበው የእህቴን ልጅ ነገር አወጣሁላቸው። ኩራትም ነበረበት፤ "አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ሥርዓት አስይዤአለሁ" ዓይነት አጀማመር ነበረው። አባ ፔርሙዙን ከፍተው ቡና ቀዱልኝ፤ ከዚያም ቀስ ብለው፣

"መልሱ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"የምኑ?"

"ልጁ የጠየቀህ።"

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ቡናው ጣዕሙን አጣብኝ።

"ታዲያ ምኑን ነው ስትጠብቅ የኖርከው?" ብለው ከአልጋው ሥር አንድ የተጠረዘ መጽሐፍ አወጡልኝ። የአንደኛው የቫቲካን ጉባኤ ውሳኔዎች የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ረጅም አይደለም፤ በልጅነቴ ሰምቼው፣ በጎልማሳነቴ አስተምሬው፣ አንድም ቀን ያልገለጥኩት ነገር ሁለት ሌሊት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሐምሌ 1870 እ.ኤ.አ. የወጣው ውሳኔ እኔ እንዳወራሁት ጳጳሱ በተናገሩት ሁሉ አይሳሳቱም አይልም። ሁኔታ ያስቀምጣል። ጳጳሱ የክርስቲያኖች ሁሉ እረኛና መምህር ሆነው፣ ከመንበራቸው፣ የእምነትን ወይም የግብረ ገብን ትምህርት መላዋ ቤተ ክርስቲያን እንድትይዘው ሲወስኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ሥልጣን በግልጽ የተሠራበት አንድ ጊዜ ነው፤ በ1950፣ ስለ እመቤታችን ፍልሰታ። የጋሊሌዮ ፍርድ ግን በ1633 በአንድ ቅዱስ ጽሕፈት ቤት የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ከአሥሩ ካርዲናሎች የፈረሙት እንኳ ሰባቱ ናቸው። የልጁ ጥያቄ መልስ ነበረው! ሁለት ዓረፍተ ነገር። እኔ ጩኸት የሰጠሁት ለሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ሌላው ነው። ያው ጉባኤ ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ፣ ሌላ ውሳኔ አውጥቷል። ሰው በተፈጥሮ አእምሮው የተፈጠረችውን ዓለም አይቶ እግዚአብሔር መኖሩን ማወቅ ይችላል፤ እምነትና አእምሮም ምንጫቸው አንድ ስለሆነ እውነተኛ ተቃርኖ በመካከላቸው ሊኖር አይችልም ይላል። አእምሮን የሚንቅ እምነት በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ስሕተት ነው። እኔ ከአንድ ጉባኤ ግማሹን ቀድጄ ነበር ይዤ የምዞረው፤ ያውም ለማስፈራሪያ የሚመቸውን ግማሽ።

ከዚያ በኋላ እንደ ሌባ ፈራሁ፤ ሌላስ ሳላነብ የጠቀስኩት ምን ይኖራል? ወደ አውግስጢኖስ ሄድኩ። ያቺ የምወዳት አባባል በዚያ መልኳ የእሱ አይደለችም። በ417 በሰበከው ስብከት ውስጥ የተናገረውን ሰዎች አሳጥረው ያወጡት ነው። ስለ ፔላጊዮስ ትምህርት ሁለት የአፍሪካ ጉባኤዎች ተከራክረው፣ ውሳኔያቸውን ወደ ሮም ልከው፣ መልስ መጥቶላቸው ነበር። ማለቁን የተናገረው ክርክሩ ከተደረገ በኋላ ነው፤ ክርክር ለማስቀረት አይደለም። ቀጥሎም ስሕተቱ ራሱ አንድ ቀን ባለቀ ብሎ ተመኝቷል። ምኞቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። አዲሱ ጳጳስ ዞሲሞስ በዚያው ዓመት ነገሩን እንደገና ከፈቱት፤ የተዘጋው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የነገር ማብቂያ አድርጌ የወረወርኩበት አባባል ራሱ በተባለበት ሰሞን አላለቀም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። እነዚህን ሁሉ ስማር ደስ አለኝ፤ ደስታዬም ንጹሕ አልነበረም። አሁን ደግሞ የተሻለ ጠጠር አገኘሁ የሚል ስሜት ነበረው። አስተማሪ መሆን ክፉ በሽታ አለው፤ የተማርከውን ሳትውጠው ለሌላ ማጉረስ ያምርሃል።

ያን ስሜት የሰበረው ጠመኔ ነው። ለቅዳሜ ትምህርት ስዘጋጅ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራ በኩል የጋሊሌዮን ነገር፣ በቀኝ በኩል የካቶሊክ እምነት በኢትዮጵያ ያለፈበትን ታሪክ እጽፍ ነበር። በግራ፤ 1632፣ ጋሊሌዮ ስለ ሁለቱ የዓለም ሥርዓቶች የጻፈው መጽሐፍ ፍሎረንስ ላይ ታተመ። 1633፣ ሮም ላይ ተንበርክኮ ካደ። በቀኝ፤ 1632፣ ዐፄ ሱስንዮስ በሮማ እምነት ፈንታ የአባቶቻቸው እምነት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ። 1633፣ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያኑን ከቤተ መንግሥታቸው አካባቢ አባረሩ። ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። ሁለቱን ታሪኮች ለዓመታት አስተምሬአለሁ፤ ጎን ለጎን ቆመው አይቻቸው አላውቅም። በሁለቱም ጊዜ በሮም መንበር ላይ የነበሩት አንድ ሰው ናቸው፤ ኡርባኖስ 8ኛ።

ስለ ሱስንዮስ ዘመን እኛ ካቶሊኮች ስናወራ ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ እንደ ቤተሰብ ገመና። እኔ ግን እዚያ ገመና ውስጥ ራሴን አየሁት። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ሲገባ ግእዝና አማርኛ ተማረ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጦ ተከራከረ፣ ለንጉሡ ቤተ መንግሥት አሠራ፣ በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ አየ፤ ሰውን የሚይዘው በንግግር ነበር። በ1622 ሞተ። በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ለንግግር ጊዜ አልነበረውም። ተጠምቆ ላደገ ሕዝብ ዳግመኛ ጥምቀት፣ ለቀሳውስቱ ዳግመኛ ክህነት፣ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ዳግመኛ ቡራኬ፣ ጾሙና በዓሉም በሮማ አቆጣጠር ይሁን አለ። ገበሬው ተነሣ፣ ላስታ ሸፈተ፣ ወይና ደጋ ላይ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ሽማግሌው ንጉሥ ከራሳቸው ሕዝብ ሬሳ ማግስት ነው ዐዋጁን ያስነገሩት። ሜንዴዝ ክፉ ሰው ነበር አልልም። እውነት በእጄ ነው ብሎ ያመነ፣ ለዚያም መስማት የማያስፈልገው የመሰለው ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመኔ የሚይዘውን ሰው አውቀዋለሁና ሜንዴዝንም አውቀዋለሁ።

ስለ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በልጅነቴ የሰማሁትን ሳልመረምር አስተምሬአለሁ። "ለእምነቱ የታዘዘ" ብዬ ነበር ለልጆቹ የምነግራቸው። መታዘዝ? የመርጡለ ማርያም መነኩሴ፣ አንድ ዓይና ሊቅ፣ መጽሐፍ ፍለጋ ገዳም ከገዳም የዞረ ሰው ነው። በ1841 ከካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ከአቡነ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር እስክንድርያንና ሮምን አይቶ ከተመለሰ በኋላ እንኳ ወደ ካቶሊክ እምነት የገባው በ1844 ነው። ሦስት ዓመት ጠየቀ፣ አነበበ፣ አወዳደረ። ከገባ በኋላም ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ተው ሲሉት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተው ሲሉት አልተወም፤ በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ ሞተ። ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ያለችው መጠየቅ የማይሰለቸውን፣ አጥር የነቀነቀውን ሰው ነው። እሱን እየጠቀስኩ ነው ጠያቂ ያባረርኩት።

ደብተሩ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አባቴ ኮልፌ ትንሽ ሱቅ ነበረው። የጉራጌ ሱቅ ያለ ዱቤ ደብተር አይሆንም፤ ስም፣ ዕቃ፣ ብር፣ ቀን። ማታ ማታ በሻማ ያገላብጠዋል። "ዱቤ ያልጻፈ ነጋዴ ደንበኛውንም ገንዘቡንም ያጣል" ይል ነበር። እኔም አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝቼ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጥኩ። ልጆቹ ሲጠይቁኝ የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን "ይህን በዱቤ ያዘው" ብዬ ፊታቸው እጽፋለሁ፤ ቀኑንም ጭምር። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በሁለተኛው ወር ላይ ደብተሩን ራሳቸው ከመሳቢያ እያወጡ ዕዳዬን ይጠይቁኝ ጀመር። የተከፈለውን በቀይ እሰርዛለሁ። አንዳንዱን አባ ጋ ወስጄ ነው የከፈልኩት፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ መጽሐፎቻቸው ነበሩ የሚከፍሉልኝ። ጥቂቱ ዛሬም አልተሰረዘም። ስለ ሕፃናት ሕመም የተጠየቅኩት አለ፤ እሱን የምሰርዝ አይመስለኝም።

ይህን ስል ሥልጣን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ሰው ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ የሆነ ነገርን አምኖ ነው ሌላውን የሚመረምረው። የኬሚስትሪው ጓደኛዬ አቶም አይቶ አያውቅም። ዘመናችን ሥልጣን የማይቀበል ዘመን ነው ሲባል እሰማለሁ፤ አይመስለኝም። ሥልጣን ሞልቷል፤ የሚያንኳኩበት በር የሌለው ሥልጣን ነው የበዛው። የቫቲካንን ስሕተት ቢያንስ በየትኛው ጽሕፈት ቤት፣ በማን ፊርማ፣ በየትኛው ቀን እንደተፈጸመ መዝገቡ ይናገራል።

በር የሌለውን ሥልጣን ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. መስቀል እንደ ጉራጌ ወግ ሁላችንም አገር ቤት ገባን። እሱ አሁን የግንባታ መሐንዲስ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ። በእነዚያ ዓመታት ስልክ ስንደዋወል ስለ ሥራ፣ ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፤ ስለ ሌላ አናወራም። እናቴ የክትፎውን ጣባ አቅርባ፣ ቆጮው ተቆርጦ፣ አይቤውና ጎመኑ ደርሶ፣ ሽማግሌ መርቆ ከተበላ በኋላ ሁለታችን ከእንሰቱ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ልጆቹ ጭድ ይዘው ይሯሯጣሉ።

"ያን ዕለት የጠየቅከኝን ታስታውሳለህ?" አልኩት።

"ከአዳራሽ ያባረሩኝን?"

"አዎ። መልሱን አላውቀውም ነበር። ለዚያ ነው የጮህኩብህ።"

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያቅፍ ሳቅ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ስለ ሃይማኖት ማሰብ አቁሞ እንደነበር፣ ኋላ ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ የሚካሄዱ የሃይማኖት ክርክሮችን መከታተል እንደጀመረ ነገረኝ። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም፣ ሃይማኖት የለኝም ባዩም የየራሱ ላይቭ አለው። አንዱ ጋ፣ ሃይማኖት የለኝም የሚለው ጋ፣ አዘውትሮ ይገባ ነበር፤ አእምሮን የሚያከብር ሰው መስሎት። አንድ ማታ አንድ ጥያቄ ጻፈለት። ወዲያው ብሎክ ተደረገ።

"እሱ አንድ ጣት ነው የፈጀበት፤" አለኝ፣ "እርስዎ እንኳ በሩ ድረስ ሸኝተውኛል።"

ምን ይመለሳል? ተነሥቼ ከቦርሳዬ ደብተሩን አመጣሁ። ከአዲስ አበባ ስነሣ ይዤው የመጣሁት ለዚህ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የእሱ ነው። ጥያቄው፣ የጠየቀበት ቅዳሜ፣ ቀጥሎ የከፈልኩበት ቀን፣ ከሥሩ መልሱ። ከመንበሩ የተነገረ ትምህርት እንዳልነበረ፣ የአንድ ጽሕፈት ቤት ፍርድ እንደነበረ፣ በ1992 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በአደባባይ ስሕተት መፈጸሙን እንዳመኑ፣ ስለዚህም ያለመሳሳት ትምህርቱ በዚህ እንደማይፈርስ። በቀይ ሰርዤዋለሁ።

ሁለት ጊዜ አነበበው።

"እሺ፤ ሕጉ ተረፈ" አለ። "ሰውየውስ?"

"ሰውየው ምን?"

መልስ አልሰጠኝም። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ከ1633 እስከ 1992 ያለውን በአፉ ቆጠረ። ቤት ውስጥ እናቴ የሁለታችንንም ስም እየጠራች ቡና ደርሷል ትላለች። እጁን ዘረጋ።

"እስክሪብቶ አለህ?"

ሰጠሁት። ከቀዩ ጭረት ሥር፣ በዚያ በማውቀው በተንጋደደ ጽሕፈቱ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ "ስሕተቱን ለማመን 359 ዓመት ከፈጀ፣ ዛሬ ተንበርክኮ ያለው ማን ነው?"

ደብተሩን ተቀብዬ ጎኑ ላይ ቀኑን ጻፍኩበት።